ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ ስልኩን ማን ያንሳ? የማታና የሰንበት የቤተሰብ ሐኪም አገልግሎት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ዘጠኝ ሰዓት የሚሠራ ክሊኒክ ክፍት የሚሆነው 45ቱን ሰዓት ነው። በቀሪው 123 ሰዓት በሩ ዝግ ነው። ከሳምንቱ ሦስት አራተኛ ሊሞላ የቀረው ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ሕመም ማታ ይበረታል። ትኩሳት ወደ ምሽት ይጨምራል። አስም ሌሊት ያፍናል። ቀን ሥራ ሲያዘናጋው የዋለ ሕመምም ሰው ጋደም ሲል ይነሳበታል።

ለዚህ ሰዓት የቤተሰብ ሐኪም አገልግሎት የሚዘጋጅባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። አገሮች ለአሥርት ዓመታት ሞክረዋቸዋል። ጥሩ የሠሩ አሉ፤ ሰው የጎዱም አሉ። ይህን የምጽፈው ክሊኒክ ለምትመሩ፣ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ተረኝነት ለመጋራት ለምታስቡ፣ ወይም ለአንድ አካባቢ ሕዝብ አገልግሎት ለምትመርጡ ነው። እኔም ብዙ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ስልክ አንስቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ደረቱን በድንገት ጨምድዶ የያዘው፣ ፊቱ በአንድ ወገን የተጣመመ፣ ደሙ አልቆም ያለ፣ ራሱን የሳተ ሰው ተረኛ ሐኪም መጠበቅ የለበትም። እሱ አምቡላንስ ነው የሚያስፈልገው። እዚህ የምናወራው በመሃል ስላሉት ነው። ቤተሰብ አልጋው ዳር ቆሞ "እስከ ጠዋት ይቆይ ይሆን?" እያለ ስለሚጨነቅላቸው።

አማራጮቹን ስመዝን ሁለት ነገር አስቀድማለሁ። የመጀመሪያውን ስልክ የሚያነሳው ማን ነው? ሌሊት የሆነው ነገር ጠዋት ለታካሚው ሐኪም ይደርሳል ወይ? ሕንፃውም፣ ሶፍትዌሩም፣ ክፍያውም ከእነዚህ በኋላ ይምጣ።

ሐኪሙ በራሱ ስልክ

የድሮው መንገድ ይሄ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በ1948 ሲቋቋም የቤተሰብ ሐኪሙ በስሙ ለተመዘገቡት ሰዎች ሌት ተቀን ኃላፊ ነበር። ለታካሚ ከዚህ የሚሻል አይገኝም። ታሪኩን ከሀ መጀመር የለበትም። ሐኪሙ ድምፁን ሲሰማ ብቻ ከወትሮው የተለየ ነገር እንዳለ ያውቃል።

ለሐኪሙ ግን ይህ ኑሮ ለብዙ ዓመት አይገፋም። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተቀስቅሶ ጠዋት ሠላሳ ሰው የሚያይ ሐኪም ይሳሳታል። ድካም መጀመሪያ የሚወስደው ትዕግሥትን ነው፤ ቀጥሎ ማመዛዘንን። ብቻውን ለሚሠራ ሐኪም ይህን እንደ ቋሚ ዘዴ አልመክርም።

አንድ ቦታ ላይ ግን እንዳይቀር እለምናለሁ። ዕድሜው ወደ ማለቁ ለተቃረበ፣ ቤቱ ሆኖ ማስታገሻ ለሚወስድ ታካሚ። በኔዘርላንድስ የማታው ሥራ ለጋራ ጣቢያ ከተሰጠ በኋላም ብዙ ሐኪሞች ለእንደነዚህ ያሉ ታካሚዎች የግል ስልካቸውን ይሰጣሉ። እኔም ስሰጥ ኖሬያለሁ። ቤተሰብ በዚህ ቁጥር የሚደውለው ከስንት አንዴ ነው። ቁጥሩ እጃቸው ላይ መኖሩ ብቻ እንቅልፍ ይሰጣቸዋል።

ተራ መጋራት

አምስት ሐኪሞች ቢስማሙ እያንዳንዱ በዓመት 73 ሌሊት ይደርሰዋል። አሥር ቢሆኑ ወደ 37 ይወርዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ክርክሩ የሚነሳው ስለ በዓላት ነው። የዓመቱን የበዓል ተራ በጥር ወር ወረቀት ላይ ካላሰፈራችሁ ማኅበሩ የሚፈርሰው በዚያ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ተረኛው እንግዳ አለመሆኑ ነው። የባልደረባውን አሠራር ያውቃል። ጠዋት ደውሎ "ያቺ ሴትዮህ ማታ ደውላ ነበር፣ ዛሬ እያት" ይለዋል። ጉዳቱ ደግሞ አንድ ሰው ሲታመም ወይም ሲለቅ ሸክሙ ወዲያው በቀሩት ላይ መውደቁ ነው። በእኔ ግምት ከስድስት በታች ከሆናችሁ ብዙ አትቆዩም። ሌላው፣ የታካሚ ካርድ በየክሊኒኩ ተቆልፎ ካደረ ተረኛው ዓይኑን ጨፍኖ እንደማከም ነው። መጋራት የሚገባው ከተራው በፊት መዝገቡ ነው።

የጋራ የማታ ጣቢያ

ተራ መጋራት ሲያድግ እዚህ ይደርሳል። በርካታ ሐኪሞች ተደራጅተው አንድ ጣቢያ ይከፍታሉ። ስልኩ አንድ ነው፣ ቦታው አንድ ነው፣ መኪናውም የጋራ ነው። ዴንማርክ በ1992 ወደዚህ ዞረች። ኔዘርላንድስ በ2000 ገደማ ተከተለች። አየርላንድም በ1990ዎቹ መጨረሻ ጀመረች።

የኔዘርላንድስን አሠራር ቀረብ ብለን እንየው፤ ጥሩ ተጽፎበታል። ጣቢያው በሥራ ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሙሉ ቀን ይሠራል። አንዱ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ከ100,000 እስከ 500,000 ሰው ያገለግላል። ስልኩን የሚያነሱት የሠለጠኑ ረዳቶች ናቸው። ሥራቸው ትሪያጅ ነው፤ ማን ቀድሞ ይታይ፣ ማን ይቆይ የሚለውን ይለያሉ። ሐኪም አጠገባቸው ተቀምጦ ይሰማል፣ የሰጡትን ምክር አይቶ ያጸድቃል። ጥሪው ከዜሮ እስከ አምስት ደረጃ ይሰጠዋል። ዜሮ ማለት መተንፈስ ወይም ልብ ቆሟል ማለት ነው። አንድ ከሆነ በ15 ደቂቃ፣ ሁለት ከሆነ በአንድ ሰዓት፣ ሦስት ከሆነ በሦስት ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። አራት በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። አምስት አይቸኩልም።

ቤት ድረስ የሚሄደው ሐኪም ብቻውን አይነዳም። ሹፌር አለው። ሹፌሩም የመጀመሪያ ርዳታ የሠለጠነ ነው፤ መኪናው ውስጥ ኦክስጅን አለ፣ የልብ ማንቂያ መሣሪያ አለ። ይህን ዝርዝር እንደ ቅንጦት የሚያይ ሰው በሌሊት ብቻውን ጨለማ ደረጃ ወጥቶ አያውቅም። ሐኪሟ ሴት ስትሆን ደግሞ ሹፌሩ ለሥራው ቅድመ ሁኔታ ነው።

የሌሊቱ ቁጥርም ይቀንሳል። 60 ሐኪሞች ቢሰባሰቡና በየሌሊቱ ሦስት ተረኛ ቢኖር ለእያንዳንዱ በዓመት ከ18 እስከ 19 ሌሊት ነው የሚደርሰው። ሰው ይህን ተሸክሞ ሥራውን እየወደደ መኖር ይችላል።

ችግሩስ? ርቀት አለ። መኪና የሌለው፣ ልጅ ታቅፎ የሚመጣ ሰው ጣቢያው ሲርቅበት ይቀራል፤ የሚቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ መምጣት የሚገባው ነው። ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ታካሚውን አያውቀውም። ሦስተኛ፣ ጣቢያው ጥሩ ሲሆን ሰው በቀን መሄድ የነበረበትን ጉዳይ ማታ ይዞ ይመጣል። የመጨረሻውን አልኮንነውም። ቀን ከሥራ ፈቃድ የማያገኝ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ግን ሰው ስትመድቡ አስቡት። ጥሪ የሚበዛው ከሥራ መውጫ እስከ እኩለ ሌሊትና በሰንበት ጠዋት ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ይቀዘቅዛል። ሌሊቱን በሙሉ እኩል ሰው መመደብ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በምሽቱም ወረፋ መፍጠር ነው።

የስልክ መስመር፦ ነርስ፣ ሠራተኛ ወይስ ሐኪም?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። እናትየው "ልጄን ሳል ይዞታል፣ ምን ልስጠው?" ብላ ጀመረች። የዓመት ከአራት ወር ልጅ። ትኩሳቱም ያን ያህል አይደለም። ለሳል የሚሆን ምክር ሰጥቶ ስልኩን መዝጋት ይቻል ነበር። ግን ከጀርባዋ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የሚል ማቃሰት።

"እስቲ ስልኩን ወደ አፉ ያስጠጉልኝ" አልኳት። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። በአንድ ደቂቃ 58 ጊዜ ተነፈሰ። በዚህ ዕድሜ በደቂቃ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ነው የሚባለው።

"አሁን ልብሱን ገለጥ ያድርጉና ደረቱን ይዩልኝ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል?"

ዝም አለች። ከዚያ "ዶክተር፣ ይሰረጉዳል" አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። አምቡላንስ ላክን። እስኪደርስ ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም።

ይህን ያመጣሁት ሐኪም ብቻ ነው ማንሳት ያለበት ለማለት አይደለም። ጎበዝ ነርስም ያንን ድምፅ ትሰማለች። ልናገር የፈለግሁት፣ ሰው ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ነገር ችግሩ ላይሆን እንደሚችል ነው። የሚያነሳው ሰው ከተነገረው አልፎ መስማት መቻል አለበት። ለመስማት ደግሞ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

አገሮች እዚህ ላይ ተለያይተዋል። በዴንማርክ ከ1992 ጀምሮ በብዙው አገር ስልኩን የሚያነሳው ራሱ የቤተሰብ ሐኪም ሆነ። ውጤቱም በግልጽ ታየ፤ የቤት ጉብኝት በጣም ቀነሰ፣ በስልክ ብቻ የሚያልቀው ጉዳይ በጣም ጨመረ። ሐኪም "እስከ ጠዋት ይቆያል" ለማለት ድፍረቱ አለው። የዋና ከተማዋ ክልል ግን በ2014 መንገዱን ቀይሮ በነርሶች የሚመራ፣ ከኋላ ሐኪም ያለው መስመር ከፈተ። እንግሊዝ ደግሞ በ1998 በነርሶች የሚሠራ መስመር ጀመረች። በኋላ ቦታውን 111 የተባለው የስልክ ቁጥር ተካው። እዚያ መጀመሪያ የሚያነሳው የሕክምና ባለሙያ ያልሆነ፣ ሠልጥኖ ኮምፒውተሩ የሚያወጣለትን ጥያቄ የሚጠይቅ ሠራተኛ ነው። በ2013 በመላ አገሪቱ ሲጀመር ስልክ የማይነሳባቸውና ሰው ለረጅም ሰዓት የሚጠብቅባቸው አካባቢዎች ነበሩ። ጀርመንና ኖርዌይ 116117ን ይጠቀማሉ። ይህን ቁጥር የአውሮፓ ኮሚሽን በ2009 ለአጣዳፊ ላልሆነ የሕክምና ጥሪ እንዲውል የለየው ነው።

ሲነጻጸሩ እንዲህ ነው። የጥያቄ ዝርዝር የሚከተል ሠራተኛ ርካሽ ነው፤ ደግሞም አይዘነጋም፤ ሲደክመውም ጥያቄ አይዘልም። ግን ጥርጣሬ ሲገባው ወደ ላይ ስለሚልክ አምቡላንሱና ድንገተኛ ክፍሉ ይጨናነቃል። ሐኪም ብዙውን እዚያው ይጨርሳል፤ ግን ውድ ነው፤ ሲቸኩል ደግሞ የራሱን መላ ምት ይከተላል። ነርስ መሃል ላይ ናት። ገንዘቡ ካላችሁ የእኔ ምርጫ የሠለጠነች ነርስ ከጥያቄ ዝርዝሩ ጋር፣ ሐኪም ደግሞ እጅ በሚደርስበት ርቀት። "እጅ በሚደርስበት" ስል ሌላ ከተማ ያለ ሐኪምን አይደለም።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ደንብ አስገቡ። ያው ሰው በዚያው ጉዳይ ሁለተኛ ጊዜ ከደወለ ጉዳዩ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሦስተኛ ከደወለ በአካል ይታይ። ተደጋጋሚ ጥሪ የጭንቀት ምልክት ነው ብሎ ማለፍ ብዙ ሰው ጎድቷል። ታማሚው ራሱ ሳይሆን ሌላ ሰው ሲያወራለትም፣ ቋንቋ ሲያስቸግርም ጥንቃቄው እንደዚያው ነው።

ተከራይ ተረኛ

ክሊኒኩ ማታውን ለሌላ ድርጅት ይሰጣል፤ ድርጅቱ ሐኪም ቀጥሮ ይልካል። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1966 ጀምሮ ሐኪምን ወደ ታካሚው ቤት የሚልክ ኤስ ኦ ኤስ ሜድሳን የሚባል አገልግሎት አለ። ሰው ይወደዋል። ለአልጋ ቁራኛ፣ ለሽማግሌ፣ ሦስት ልጅ ይዛ ብቻዋን ላለች እናት ሐኪም በር ሲያንኳኳ የሚሰማቸውን እፎይታ አውቀዋለሁ። ግን የቤት ጉብኝት ውድ ነው። አንድ ሐኪም በመንገድ ላይ በሚያጠፋው ጊዜ ጣቢያ ቁጭ ብሎ በርካታ ሰው ያያል።

አደጋው ሌላ ነው። የእንግሊዝ የቤተሰብ ሐኪሞች በ2004 በወጣው ውል የማታውን ኃላፊነት ከላያቸው ማውረድ ተፈቀደላቸው። በዓመት 6,000 ፓውንድ ገደማ ትተው አብዛኞቹ ወጡ። ቦታው በኮንትራት ተሞላ። በ2008 ከሌላ አገር በአውሮፕላን የመጣ ሐኪም፣ በመጀመሪያ ተረኝነቱ፣ ለአንድ ታካሚ የሕመም ማስታገሻ ከሚገባው አሥር እጥፍ ወጋው። ሰውየው ሞተ። ሐኪሙ መድኃኒቱን በአገሩ አልለመደውም፣ ታካሚውን አያውቅም፣ ቀድሞ ከጎኑ ቆሞ ያሳየውም አልነበረም።

ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ውሉ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ። ተረኛው በታካሚዎቹ ቋንቋ በደንብ ይግባባል? የታካሚውን ካርድ ማየት ይችላል? የመጀመሪያ ሌሊቱን ከልምድ ያለው ሰው ጋር ይሠራል? የሚከፈለው በታየ ሰው ቁጥር ነው ወይስ በሰዓት? በቁጥር ከሆነ ቶሎ ቶሎ ያያል፣ በስልክ የሚያልቀውንም ቤት ድረስ ይሄዳል። ለእነዚህ ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው ድርጅት ጋር አትፈርሙ።

ምሽትና ቅዳሜ መክፈት፣ ቪዲዮ

ክሊኒኩን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማቆየት ወይም ቅዳሜ መክፈት ለብዙ ሠራተኛ ሰው በቂ መልስ ነው። በ2016 ስለ ታላቋ ማንቸስተር የታተመ ጥናት ሰዓታቸውን ያራዘሙ ክሊኒኮች ታካሚዎች በቀላል ጉዳይ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱበት ቁጥር በ26 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። የተቆጠበው ገንዘብ ግን ወጪውን አልሸፈነም። ስለዚህ ለታካሚ ምቾት ብላችሁ ክፈቱት፤ ገንዘብ ይቆጥባል ብላችሁ አትክፈቱት። ሌሊቱንም አይሸፍንም።

ቪዲዮ ለሽፍታ፣ ለቁስል፣ ለልጅ አተነፋፈስ ከስልክ ይሻላል። ሆድ ግን አይዳስስም፣ ጆሮ ውስጥ አያይም። እንደ ተጨማሪ መሣሪያ ያዙት።

ከድንገተኛ ክፍል ጎን

የቤተሰብ ሐኪሙን ጣቢያ ከሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ጋር በአንድ በር ማድረግ። መግቢያው ላይ ተለይቶ ቀላሉ ወደ ቤተሰብ ሐኪም፣ ከባዱ ወደ ድንገተኛ ይሄዳል። በኔዘርላንድስ በሰፊው የተያዘ መንገድ ነው። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል የሚገባው ሰው ይቀንሳል። ታካሚም "የቱ ጋ ልሂድ?" ብሎ አይጨነቅም። ከተማ ውስጥ ላሉ በጣም እወድላቸዋለሁ። አንድ ፍርሃት አለኝ፤ ሆስፒታሉ አስተዳደሩን ከያዘው ምርመራ ይበዛል። በእጅና በማዳመጫ የሚያልቀው ጉዳይ ደም ወደ መቅዳት ይሄዳል። በሩ አንድ ይሁን፣ አሠራሩ ግን የቤተሰብ ሐኪም ሆኖ ይቆይ።

ታዲያ የቱ?

ሕዝቡ ትንሽ፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ ተራ መጋራትን ከአካባቢ ነርስ መስመር ጋር አጣምሩ። መቶ ሺህና ከዚያ በላይ ሰው ተጠጋግቶ የሚኖር ከሆነ የጋራ ጣቢያ፤ ከሆስፒታል ጎን ቢሆን ደግሞ የተሻለ። ሐኪም ጨርሶ ካጠረ ተከራይ ተረኛ፣ ከላይ ካልኳቸው ጥያቄዎች ጋር። የስልክ መስመር ብቻውን፣ ከኋላው የሚያይ ሰው ሳይኖር፣ ሰውን ከአንድ ቁጥር ወደ ሌላ ቁጥር ማንከራተት ነው።

በየትኛውም ምርጫ ግን የቀኑን ሥራ አትርሱት። በ2022 የታተመ የኖርዌይ ጥናት አራት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው መዝገብ አይቶ ነበር። ከአንድ የቤተሰብ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩት፣ አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ ከሰዓት ውጪ አገልግሎት የመጠቀማቸው ዕድል በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። የመሞት ዕድላቸውም በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ዓይነት ጥናት ምክንያትና ውጤትን በቁርጥ አይለይም። ቢሆንም የማታ አገልግሎታችሁ ሰዎችን ከሐኪማቸው የሚያራርቅ እንዳይሆን ለመጠንቀቅ ይበቃል።

ማገናኛው የጠዋት ማስታወሻ ነው። ረጅም አይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦ "የ71 ዓመት ሴት። ከትናንት ጀምሮ ሲሸኑ ያቃጥላቸዋል። ትኩሳት የላቸውም፣ ወገባቸውን አላመማቸውም፣ በደንብ ይጠጣሉ። የሦስት ቀን አንቲባዮቲክ ሰጥቻለሁ። የሽንት ናሙና ተልኳል፤ ውጤቱን እናንተ ተከታተሉ። ብርድ ብርድ ካላቸው ዛሬውኑ ይታዩ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።" የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቅጽ ላይ ቦታ የላትም። እኔ ግን ጠዋት ካርዱን ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።

አገልግሎቱን ስትጀምሩ ለመጀመሪያው ወር ሦስት ነገር ቁጠሩ። ስልኩ እስኪነሳ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ስንት ሰው በዚያው ጉዳይ ደግሞ ደወለ? ስንቱ ማስታወሻ ክሊኒኩ ከመከፈቱ በፊት ደረሰ? ቅዳሜ ማታ ደግሞ ማንነታችሁን ሳትናገሩ ራሳችሁ ደውሉና መስመሩ ላይ ጠብቁ።